ስድስተኛው

ሻርጃ፣ ሰናዒያ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ፣
በነሐሴ ወበቅ፣ ብረት በማይነካ፣ ነፋስ በማይገባ፣
ሐጂ ሱልጣን መጡ፤ ነጭ ጉትራቸው ላይ አረንጓዴ ነጥብ፣
ስትበር የለቀቀች ይመስላል አንዲት ርግብ።

«ጣራው ያፈሳል» አሉኝ።
ሳቄ መጣ።
በዓመት አንዴ ዳመና ቢያልፍ ወሬ በሚሆንበት አገር፣
ጣራ አፈሰሰ ሲባል ምን ብዬ ልናገር?

እኛ ቤት የሚያፈሰው ሐምሌ ሲገባ ነው፤
ሬንጅ በእንጨት ጫፍ አቅልጠን ቀዳዳውን የምንደፍነው።
የእርሳቸው ግን ጨርቅ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው፣
ቁልፍ ሲነኩት የሚታጠፍ፣ ዘይት ገፍቶ የሚዘረጋው።
ዘይቱ ነው የሚያፈሰው፣ ከመስተዋቱ በላይ፤
ጠብ፣
ጠብ፣
ልክ ከነጂው አናት ላይ።

ካምፓኒው የጠራውን ዋጋ መኪናዋ ራሷ አታወጣም።
«ሽጣት ይለኛል ልጄ» አሉ፤ «ክንፉን ስላመመው ጭልፊት አይሸጥም።»

መቀመጫ ነቀልኩ፣ ክዳን ፈታሁ፣ ቱቦ ቆጠርኩ፤
ስድስት ሲሊንደር፣ ጣት ከሚያክል እስከ ክንድ፣ ጋዜጣ ላይ ደረደርኩ።
ሻጂ፣ የኬረላው፣ «ሲል» ይለዋል፤
ሐጂ «ጂልዳ»፤
እኔ ጎሚኒ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ እንደለመድኩት።
ስሙ ሦስት፣ በሽታው አንድ፦ ሙቀት የበላው ላስቲክ፣
ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር፣ እንደታኘከ ማስቲካ።
የመጀመሪያው ስፕሪንግ ቀለበት ከካቻቢቴዬ አምልጦ በረረ፤
ሻጂ ግማሽ ቀን ወለል ጠርጎ
ከገዛ ጫማው ውስጥ አገኘው።

አምስቱ አልቅሰዋል። ስድስተኛው ደረቅ ነው።
ንጹሕ ነው። አንድ ጠብታ የለው።
ጋሽ ውብሸት፣ ሙያ ያስያዘኝ፣ ይል ነበር፦
«ያልጮኸ ብረት አትንካ፣ ዝም ያለውን አታስቸግር።»
አልነካሁትም።

አዲሱ ጎሚኒ በሃያ ቀኑ በፖስታ መጣ፤
ከቃል ኪዳን ቀለበት የቀጠነ፣ በጥፍር እንኳ የሚቆጣ።
በዘይት አሸሁት፣ በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤
አምስቱን አዳንኩ፣ ስድስተኛውን
እንደነበረ መልሼ አሠርኩት።

ጣራው ተነሣ፤ እንደ ግመል፣ ኋላውን አስቀድሞ፣
እያቃሰተ፣ እያመነታ፣ ግማሽ ሰማይ ላይ ቆሞ።
ሻጂ አጨበጨበ።
ከዚያ፣ ጧ!
ስድስተኛው ነው።
የሐጂ ሱልጣን ከንዱራ ከደረት እስከ ጉልበት ለመለመ።
«ሳታክመኝ ነጥብ ብቻ ነበርኩ» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም።
አምስቱ ሲያፈሱ ለእሱም ይተነፍሱለት ነበር፤
ሲጠብቁ ጊዜ ጫናው ማደሪያ አጣና
ዝም ያለው ላይ አደረ።

እኛም ስድስት ነን።
ዓርብ ዓርብ፣ ስልኩ ሲከፈት፣ አምስታችን እንንጠባጠባለን፦
የቤት ኪራይ፣ የልጅ ክፍያ፣ የበሬ ዋጋ፣ የወገብ ሕመም፤
እኔም የአለቃዬን ክፋት ሳልደግመው አልቀርም።
ዘቢደር ብቻ፣ ከዚሁ ከዓጅማን፣ ከሰው ቤት ጓዳ፣
አሥራ አንድ ዓመት፣ የማንንም ጆሮ ሳትጎዳ፣
«ደህና ነኝ» ትላለች።
ትልካለች።
ካየኋት ፋሲካ አንዴ አልፎ ሌላው ደርሷል።

እጄን ሳልታጠብ ደወልኩ።
«ዛሬ ዓርብ ነው እንዴ?» አለችኝ።
አይደለም አልኳት። እንዴት ነሽ አልኳት።
ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል፣ ሰው ስሟን አሳስቶ ይጠራል።
«ደህና ነኝ።»

ደረቅ ድምፅ ነው። ንጹሕ ነው።
አንድ ጠብታ የለው።

ካቻቢቴዬን ጋዜጣው ላይ ጣልኩ።
ጣራው እንደተገተረ ነው፤ ሐጂ ከንዱራቸውን ይጨምቃሉ።
ሻጂን ጠየቅሁት፦
የዓጅማን አውቶቡስ
ከየት ነው የሚነሣው?